ባለ ስምንት ቀንዱ ሳጥን

ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ቁልፍ ይላታል። ስም አጥታ አይደለም። በልብስ ሰፊዎቹ መደዳ ሸሚዝ ሰፍቶ የጨረሰ ሁሉ ቁልፍ የሚያስተክለው እሷ ጋ ነው፤ "ለቁልፍ ስጣት፣ ከቁልፍ አምጣው" ሲባል ሲባል ቅጽል ስሙ ላይዋ ላይ ተሰፍቶ ቀረ። የምትሠራው ከደረጃው ስር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በግድግዳው በኩል አልጋዋ፣ በበሩ በኩል የቁልፍ ቀዳዳ የሚሰፋው ማሽኗ፣ መሃል ላይ አንድ ወንበር። እንግዳ ሲመጣ ወንበሩን ለቃ አልጋው ላይ ትቀመጣለች።

አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። ልጅቱ መስማት አትችልም። "ድዳዋ" እያሉ የሚጠሯት ነበሩ፤ ዛሬ ከሁሉ ቀድመው አንገታቸውን የሚነቀንቁት እነሱው ናቸው። ድዳ ማለት የማይናገር ማለት ከሆነ ልጅቱ ድዳ አልነበረችም። በዚያ መደዳ እንደ እሷ የሚያወራ ሰው አላየሁም። ምላሷ እጇ ላይ ስለነበረ ብቻ ነው።

የምልክት ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአቅራቢያው አልነበረም። እናትና ልጅ ቁጭ ብለው የራሳቸውን አበጁ። የልጅቱ ስም በጣት ነበር፤ ግራ ጉንጭን መንካት፣ ስትስቅ የሚሰረጉድባት ቦታ። የአጎቷ ስም እጅን እንደ ዳክዬ አፍ ከፈት ዘጋ ማድረግ ነው። አጎትየው ይህን ሲያይ "አስተዋይ ማለታቸው ነው" ብሎ ይኮራል። እናትና ልጅ ተያይተው በሳቅ ይፈርሳሉ።

አንድ ነገር ግን በደንብ ልንገራችሁ፤ ሁሉም ነገር እሱ ላይ ነው የሚዞረው። "ደህና ነኝ" ለማለት መዳፍን ደረት ላይ አድርጎ ወደ ታች ማውረድ ነው። "ደህና አይደለሁም" ለማለትም ያው መዳፍ ደረት ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ እጅ ይገለበጣል። በአፋችንስ ቢሆን ያው አይደል? "ደህና" እንልና ነው "አይደለሁም" የምንለው። እምቢታችን ጅራት ላይ ነው የሚቀመጠው። ጅራቱን የቆረጠ ሰው የታመመውን ጤነኛ ያደርገዋል።

ልጅቱ አድጋ የእናቷን ሙያ ያዘች። ሩቅ አገር ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲፈልግ ከዳቦ ጋጋሪው ሴት ልጅ ጋር አብራ ሄደች። ሁለቱ አንድ ክፍል ደረሳቸው።

እዚያ አገር በኢንተርኔት በምስል መደወል ተዘግቷል። የዘጉት ሰዎች ለምን እንደዘጉት አይነግሩህም፤ ብትጠይቅም የምትጠይቅበት በር የለም። ለሚሰማ ሰው ግድ የለም፤ በተራው ስልክ ይደውላል፣ "ሄሎ" ይላል፣ ናፍቆቱን ይወጣል። በእጅ ለሚያወራ ሰው ግን ምስል ከተዘጋ አፍ ተሰፋ ማለት ነው። ጽፋ እንዳትልክ እናቷ ማንበብ አትችልም፤ ሌላ ሰው ሊያነብላት ነው። ልጅቱ ደግሞ የሆዷን በሰው አፍ አታወራም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰዎች ስለ እሷ ሲያወሩላት ኖራለች፤ በቃኝ ብላለች።

እትዬ ቁልፍ ስልክ ጠጋኙ ጋ ሄደች። ሽቦ ይሉታል፤ ቀጭን ነው፣ ሲነኩት ይቃጠላል።

"ቪፒኤን ነው መድኃኒቱ፤ የተዘጋውን ተቆልፎ የሚያልፍ ስውር መንገድ በይው" አላት። "በየወሩ የሚከፈልበት አለ፤ እሱን ግን ዛሬ ቢከፍቱት ነገ ይዘጉብዎታል፣ ስሙን ያውቁታል። እርስዎ ቤት፣ ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ራውተሩ ላይ እንትከለው። ልጅቷ እዚያ ሆና መጀመሪያ እርስዎ ቤት ትገባለች፣ ከእርስዎ ቤት ወጥታ ትደውላለች። በመሃል ያሉት ዘበኞች የሚያዩት የተቆለፈ ነገር ሲያልፍ ብቻ ነው።"

"የሚቆልፈው ማነው?"

"ራውተሩ። ምስሉ ተቆራርጦ ነው የሚሄደው፤ እያንዳንዷን ቁራጭ ሲልክ ይቆልፋል፣ ስትመጣለት ይፈታል።"

"በእጁ ነው በማሽን?"

ሽቦ ሊስቅ ብሎ ተወው።

"እሱን ነው ማየት ያለብን። ርካሾቹ በእጃቸው ነው የሚቆልፉት። እርስዎ አንድ የቁልፍ ቀዳዳ በመርፌ ዙሪያውን ሲሰፉ የሚፈጀውን ያስቡት። ይኼ ምስል ነው፤ በሺ የሚቆጠር ቀዳዳ በአንዴ ይመጣበታል። ይንቀረፈፋል፣ ይግላል፣ ያልደረሰበትን ይጥላል። ሌሎቹ ግን አንጎላቸው ውስጥ ለመቆለፍ ብቻ የተሠራ ክፍል አለ፣ ልክ እንደ ማሽንዎ።"

"እሱማ ውድ ነው።"

"አይደለም። ይኼ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። ከቢሮ ተጠቅመውበት የሚሸጡት ትንንሽ ኮምፒዩተር አለ፤ አሮጌ ነው፣ ያስጠላል፣ ግን አንጎሉ መቆለፍ ይችላል። እሱን ቢያመጡልኝ ራውተር አደርግልዎታለሁ። ሱቅ ሲሄዱ ቀንዱን፣ አንቴናውን ማለቴ ነው፣ አይቁጠሩ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም አይመኑ። ያ ቁጥር ሳይቆለፍ ነው። 'ሲቆለፍ ስንት ይሄዳል?' ብለው ይጠይቁ።"

ይህን ሁሉ ካወቅህ አብረሃት አትሄድም ነበር ወይ? ሱቁ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ሽቦ ግን የተፈታ ስልክ ፊቱ ላይ ነበርና "በቃ እንዲህ ብለው ይጠይቁ" ብሎ ሸኛት። ምክር ሰጥተን ሰው የረዳን የሚመስለን ስንት ነን?

አብሯት የሄደው ወንድሟ ነው፤ ያው ዳክዬው። ሰፈሩ "አውቃለሁ" ይለዋል፤ ምንም ብትነግረው መልሱ እሱ ስለሆነ። ክፉ ሰው አይደለም። እህቱ ስትቸገር ከሥራው ፈቃድ ወስዶ፣ ግማሹን ከኪሱ ሊያወጣ ነው የመጣው። ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው።

ሱቁ ውስጥ እትዬ ቁልፍ እንደተባለችው ጠየቀች።

"ሲቆለፍ ስንት ይሄዳል?"

ሻጩ ከጓደኛው ጋር ተያየ። "እትዬ፣ ሲቆለፍማ ማን ይሄዳል? ሱቅ ሲቆለፍ እኮ ሁሉም ቤቱ ነው።"

ሳቁ። ወንድሟ አብሮ ሳቀ፤ ያሳፈረችው መስሎት።

"እታለም፣ እባክሽ አታዋርጂኝ። ይኼን ነገር አውቃለሁ።"

"ሽቦ ከቢሮ የወጣ ትንሽ ኮምፒዩተር ብሎኝ ነበር።"

ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ነበረ። ጥቁር፣ ጎኑ የተፋቀ፣ አንድም አንቴና የሌለው፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ቁጥር እንደተለጠፈበት። ወንድሟ በጫማው ጫፍ ሊነካው ቃጥቶት ተወ።

"ይኼን? ይኼ እኮ ከቆሻሻ ገንዳ አምልጦ የመጣ ነው። በዚያው ዋጋ አዲሱን፣ ካርቶን ውስጥ ያለውን አለልሽ። ቀንዶቹን ተመልከቺያቸው፤ ስምንት ናቸው። ስምንት እጅ አለው በይው።"

ሻጩም ተቀበለው። "አንበሳ ነው እሱ። ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል።"

አንቴና ሞገዱን ከክፍል ወደ ክፍል ነው የሚያደርሰው፤ ለመቆለፍ ምን ይረዳል? ምንም። ይህን ሻጩ ያውቅ ነበር? ባያውቅ የማያውቀውን ይሸጣል፤ ቢያውቅ ደግሞ ዋሽቷል። ለሁለቱም ስም አለ። እኛም ገዢዎቹ አንሻልም፤ በሬ እንደሚገዛ ሰው ቀንድ አይተን እንከፍላለን።

ባለ ስምንት ቀንዱ ተገዛ። ሽቦ ሲያየው ምላሱን ጠቅ አደረገ። "ይኼ በእጁ የሚሰፋው ነው" አለ። "አዲሱንና ቀለል ያለውን የመቆለፊያ ዘዴም አይቀበልም፤ አሮጌውንና ከባዱን ብቻ ነው።" መልሰህ ውሰደው ሲባል ሻጩ ካርቶኑ ከተከፈተ አልቀበልም አለ። ተተከለ። ወንድሟ ጎረቤት ጠርቶ በስልኩ ፍጥነቱን ለካ፤ ቁጥሩ ሽቅብ ሲወጣ "አያችሁ?" አለ። አጨበጨቡ። የለካው ቪፒኤኑን ሳይከፍት ነበር። ክፍሏ ሙሉ ሰው ቆሞ ያጨበጨበው ላልተቆለፈ በር ነው።

ከዚያ ቪፒኤኑ ተከፈተ፣ ልጅቱ ደወለች፣ ፊቷ መጣ። እናት አለቀሰች፣ አጎት አለቀሰ፣ ዳቦ ጋጋሪውም በዱቄት እጁ ፊቱን ጠራረገ። ልጅቱ እጇን ስታንቀሳቅስ ግን ጣቶቿ ይቀልጣሉ፣ አንዱ ምልክት ከሌላው ይጣበቃል፣ ምስሉ ይቆምና ዘሎ ሌላ ቦታ ይገኛል።

"እጇ አይታየኝም" አለች እትዬ ቁልፍ።

"ፊቷ ይታያል አይደል?" አለ ወንድሟ።

ይህች ቃል ናት እኔን እስከ ዛሬ የምታንገበግበኝ። ፊቷ ይታያል አይደል። ጆሮ ላለው ሰው ምስል ጌጥ ነው፤ ቢቆራረጥም ድምፁ ወሬውን ያደርስለታል። ለእነሱ ግን ንግግሩ ራሱ ምስሉ ነበር። በእኛ ጆሮ ለክተን ለእነሱ "ይበቃል" ብለን ፈረድን። ሽቦም "ለጊዜው ይሠራል" አለ። ለጊዜው የምትባል ቃል ስንት ቤት እንዳፈረሰች ማን ይቁጠርልኝ።

እናትና ልጅ መላ አበጁለት። ቀስ ብለው በእጃቸው ማውራት ጀመሩ፤ አንዷን ምልክት አድርገው ቆም፣ ሌላዋን አድርገው ቆም። ፎቅ ላይ ያሉት ተከራዮች ኢንተርኔቱን ሲጠቀሙ ይብስበታል፤ እትዬ ቁልፍ ደረጃውን ወጥታ "ልጄ ጋ ልደውል ነው፣ ትንሽ ታገሱኝ" ትላቸዋለች። ሳጥኑ ይግላል። በመጽሔት ታራግብለታለች። የታመመች አሮጊት እንደሚያስታምም ሰው ለራውተር ስታራግብ ያየ ሁሉ ይቀልድባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

ልጅቱ ማሳል ጀምራ ነበር። የጨርቁ ብናኝ ነው፤ ፋብሪካው መስኮት አይከፍትም፣ አፍ መሸፈኛም አይሰጥም። ሳል ደግሞ ድምፅ ነው፤ ድምፁን ደግሞ ለእኛ ምን ይሠራል ብለው፣ ሳጥኑ እንዳይከብደው ዘግተውታል። በምስል ስታየው ትከሻ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እትዬ ቁልፍ ትከሻዋን ስታይ የሳቀች ይመስላታል።

አንድ የዕረፍት ቀን ልጅቱ ደወለች። ፊቷ ከስቷል። እናት "ምነው ከሳሽ?" አለቻት በእጇ። ልጅቱ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ታች አወረደች። እዚህ ላይ ምስሉ ቆመ።

እትዬ ቁልፍ ጠበቀች። መጽሔቱን አንስታ አራገበች። ስክሪኑ ላይ ልጇ እጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች ቀጥ ብላለች፤ ፎቶ ሆናለች። ምስሉ ሲመለስ የልጅቱ እጅ ጭኗ ላይ ነበር፣ ዓይኗ እናቷ ላይ፤ መልስ የምትጠብቅ ሰው ዓይን።

እናት "ደህና ነኝ" የሚለውን አይታለች። ደስ ብሏት ጡጫዋን ጨብጣ ከፍ አደረገች። በርቺ ማለት ነው።

ልጅቱ የእናቷን ጡጫ አየች። ከዚያ አንገቷን ዝቅ አድርጋ "እሺ" አለችና ስልኩ ተዘጋ።

"እንዴት ናት?" ብለን ስንጠይቃት "ደህና ናት፣ ራሷ ነገረችኝ" አለችን። ከስታ የለም ወይ ስንላት "ሥራ ነዋ፣ ሥራ ያከሳል።" ከዚያ ወዲህ የልጅቱ ስልክ እየራቀ ሄደ፤ እናት ደግሞ "በርትታ እየሠራችልኝ ነው" እያለች ትጽናና ነበር።

እውነቱ የመጣው በተራ ስልክ ነው። እትዬ ቁልፍ ሳጥኑ ከመጠን በላይ ጋለብኝ ብላ ሽቦ ሱቅ ቆማ ሳለ ተደወለላት። በዚያ በኩል የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ናት። ሱቁ ጫጫታ ስለነበረ ድምፁን ለቀቀችው፤ ሽቦም፣ ከደጅ የቆምነውም ሰማን።

"እትዬ፣ ሐኪም ቤት ገብታለች። ሳንባዋ ነው፤ ቆይቶባታል ይላሉ።" የጋጋሪው ልጅ ታለቅሳለች። "እኔ እኮ የሚገርመኝ፣ ያኔ ስትጠይቅዎ ለምን ተመለሺ አላሏትም? አሁን ይኼ ይመጣ ነበር?"

"ምን ጠየቀችኝና?"

"አሞኛል፣ ልምጣ ወይ? ብላ። በርቺ አሏት። ጽፋ አሳይታኛለች፤ 'እማዬ በርቺ አለችኝ፣ አልሄድም' ብላ።"

"ኧረ ልጄ፣ ደህና ነኝ ነው ያለችኝ። በዓይኔ አይቻለሁ።" እትዬ ቁልፍ ስልኩ ምስል እንደሌለው ረስታ መዳፏን ደረቷ ላይ አወረደች። "እንዲህ ነው ያለችኝ።"

"እንዴት?"

"ደረቷን እንዲህ ዳሰሰች፤ ደህና ማለት ነው።"



"እትዬ፣ እኔ እኮ አጠገቧ ነበርኩ። ደረቷን ዳሰሰች፣ ከዚያ እጇን ገለበጠች። ሁለቴ ነው የገለበጠችው። ከዚያ ወደ እርስዎ ጠቆመች፣ በጣቶቿ መራመድ አሳየች። ብዙ ነው ያወራችው። እርስዎ ዝም ብለው ያዩዋት ነበር።"

እትዬ ቁልፍ እጇ እንደወረደ ደረቷ ላይ ነበር። ቀስ ብላ ገለበጠችው። መዳፏን አየችው። ሽቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የተሰቀሉትን የስልክ ሽፋኖች ማስተካከል ጀመረ፤ የተስተካከሉ ነበሩ።

በዚያው ቀን ሽቦ ሱቁን ዘግቶ ወጣ፤ ሁለቱን መንገድ ተሻገረ። ጥቁሩ ሳጥን ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ማንም አልገዛውም፤ ቀንድ የለውማ። አምጥቶ ተከለው፤ ቀለል ያለውን የመቆለፊያ ዘዴ ጫነበት፤ ቪፒኤኑ እንደተከፈተ ለካው፤ ቁጥሩ ብዙም አልቀነሰም። የጋጋሪውን ልጅ ከሐኪም ቤት እንድትደውል አደረጋት።

ወንድሟ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። "እታለም፣ እኔ..." አለ።

"ግባ" አለችው። "በሩ ላይ አትቁም፣ ብርሃን ትጋርድብኛለህ።"

ምስሉ መጣ። እንደዚያ ያለ ጥራት በዚያች ክፍል ታይቶ አያውቅም። ከትራሱ ስፌት የወጣችው ክር ሳትቀር ትታያለች። ልጅቱ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አለ። እናቷን ስታይ ጉንጯ ሊሰረጉድ ፈለገ። እናት በሁለት እጇ አወራች፤ አልገባኝም ነበር አለቻት፣ ምስሉ ነው አለቻት፣ ነይ አለቻት፣ ነይ፣ ነይ። ልጅቱ ልትመልስ እጇን ከአንሶላው አነሳች። ደረቷ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

"ቆመብኝ" አለች እትዬ ቁልፍ። "ሽቦ፣ ደግሞ ቆመ፣ አድርገው እንጂ።"

ሽቦ ጎንበስ ብሎ አየ።

"አልቆመም፣ እትዬ።"

"እጇ ቆሟል እኮ።"

"ከኋላዋ መጋረጃውን ይዩት። ይንቀሳቀሳል።"

መጋረጃው ይንቀሳቀስ ነበር። አልጋው አጠገብ የቆመችው የጋጋሪው ልጅም ትተነፍስ ነበር። የቆመው እጇ ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ አንሶላው ወረደ።

ፋብሪካው ሥራ ላይ ስላልሆነች አያገባንም ብሏል። ሐኪሞቹ አውሮፕላን አትችልም ብለዋል። ይህን የነገሩን በስልክ ነው፤ በጣም በጠራ ድምፅ። አሁን እትዬ ቁልፍ ማሽኗን ወደ ጥግ ገፍታ ስክሪኑን መሃል አድርጋዋለች። የጋጋሪው ልጅ ስልኩን ከአልጋው ጎን ታስቀምጥላታለች፤ ልጅቱ ስትተኛ እናት ትጠብቃታለች፣ ስትነቃ ታወራላታለች። ልጅቱ እጇን ማንሳት አቅቷታል፤ አትመልስም፤ ታያለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ሽቦ የሳጥኑን ገመድ ሊያይ ጎንበስ ብሎ ሳለ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ጠየቀችው።

"ይኼ ሳጥን ያኔም እዚያው ነበር አይደል? እኛ ስንሄድ ያየነው።"

ሽቦ ሊዋሽ ይችል ነበር። ሌላ ነው ቢላት በምን ታውቃለች?

"እሱው ነው፣ እትዬ።"

"ዋጋውም ያው ነው?"

"ያው ነው።"

ወንድሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። እሷ ወደ እሱ አልዞረችም፤ ወደ ሽቦም አልዞረችም። ከዚያ ወንበሯን ወደፊት አስጠጋችና "ዝም በሉ" አለች፣ ልጅቱ እንደማትሰማ እያወቀች፤ "ነቅታለች።"